ሉቨርታ ቴትና ድምፁ ያልተሰማው ቀብር

የዚያ ዓመት ሙቀት ዛሬም ድረስ የራሱ ሽታ አለው። ሰኔ ሳይጋመስ አየሩ ከፈላ ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፍ ጀመር። ጥጡ ገና ከጉልበት አላለፈም፤ ቀዩ አቧራ ግን መኪና ባለፈ ቁጥር እየተነሳ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያለብሰዋል። ሌላ ዓመት ቢሆን ሰው ሙቀቱን ሲረግም ይውል ነበር። ያን ዓመት ግን የረገመ ሰው ትዝ አይልም። ሴቶቹ በረንዳ ላይ ባቄላ ሲፈለፍሉ፣ ወንዶቹ ከእንጨት መሰንጠቂያው ሲመለሱ፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ፍርሃትና ደስታ በአንድ አልጋ ያደሩበት ወራት ነው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት፤ ሚሲሲፒ፤ ሃሎካ የምትባለው ከተማችን።

ሉቨርታ ቴት ያኔ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። እንጀራዋ ካውያ ነበር፤ የነጮቹን ሸሚዝ ቤቷ እያመጣች ትተኩሳለች። ከሉቨርታ እጅ የወጣ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይሳሳል ይባልላት ነበር። ባል አግብታ ነበር፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ዲትሮይት ሄዶ እንደ ጨው እዚያው ሟሟ፤ እሷም ስሙን ጥላ ወደ አባቷ ስም ተመለሰች። የራሷን ልጅ አልወለደችም። እህቷ ኢዱላ በወሊድ ስትሞት ግን፣ የተረፈውን ሕፃን ከአዋላጇ እጅ ተቀብላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያ ሕፃን ኦርዜል ነው።

በናባው ተራራ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምታወጣውም ሉቨርታ ነበረች። እኛ ዘንድ ድሮ የመዝሙር መጽሐፍ የሚያነብ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ያስረዝመዋል። የሷ ድምፅ ቀጭን አልነበረም፣ ወፍራምም አልነበረም። ብቻ ስታወጣ፣ ውጭ መኪና ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱት ጎረምሶች ሳይቀሩ ሲጋራቸውን ረግጠው ይገቡ ነበር።

ኦርዜል ሃያ ዓመቱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ልጅ። በዚያ ሰኔ ከሰሜን የመጡት ተማሪዎች ጥቁሩን ሕዝብ ለምርጫ ሲያስመዘግቡ መንገድ መሪያቸው ሆነ፤ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛው መንገድ ላይ የማን መኪና እንደሚቆም የሚያውቀው እሱ ነበርና። ከተማሪዎቹ አንዱን ቤቱ ይዞት መጣ። ፒተር ሊንድኳስት ይባላል፤ ከሚኒሶታ ነው፤ ፀሐዩ አፍንጫውን ልጦት እንደ ቀይ ሽንኩርት ሆኗል። የመጀመሪያ ቀን እራት ተበልቶ ሲያበቃ ልጁ ከወንበሩ ተነሳና ሳህኑን ያዘ።

«ወይዘሮ ቴት፣ እርስዎ ይቀመጡ። እኔ አጥባለሁ» አለ።

ሉቨርታ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ኦርዜል ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አክስቴ፣ አንቺን ነው'ኮ። ከኋላሽ ማንም የለም።»

«ዝም በል አንተ። ነጭ ሰው ወይዘሮ ሲል ስሰማ፣ ከጀርባዬ እናቱ የቆመች መስሎኝ ነው» አለች። ሦስቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ያ ሳቅ በሰፈሩ ሁሉ ተወራ። ልጁ ሳህኑን አሳምሮ አላጠበም፤ እሱ ሲተኛ ሉቨርታ ድጋሚ አጠበችው።

በሳምንቱ ኦርዜል እሷን ራሷን ይዟት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ልትመዘገብ። ጸሐፊው ሕገ መንግሥቱን አስነበባት፣ አስተረጎማት፣ ከዚያ ወድቀሻል አላት። በማግስቱ ደንበኞቿ እነ ወይዘሮ ስትሪክላንድ ሰው ልከው ሸሚዛቸውን አስመለሱ፣ ቀጥሎ የባንኩ ሰውዬ ሚስት፤ የተተኮሰው ሳይቀር ተለቅሞ ሄደ። ኦርዜል አንገቱን ደፋ። እሷ ግን፣ ሰው እስከለበሰ ድረስ የሚተኮስ አይጠፋም ብላ ከማፅናናቷ ሌላ፣ ሁለተኛ ልትመዘገብ የምትሄድበትን ቀን ጠየቀችው።

ከከተማው ራቅ ብሎ አንዲት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ ተማሪዎቹ ስብሰባ ያደርጉባት ነበርና። ኦርዜልና ፒተር በቃጠሎው ሌሊት እዚያ የተደበደቡትን ሰዎች ሊጠይቁ ከሰዓት በኋላ ተነሱ። ሉቨርታ የበቆሎ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን አሏት። አልተመለሱም።

ሸሪፉ ጋ ሄደች። ሸሪፉ እግሩን ጠረጴዛ ላይ እንደሰቀለ፣ ልጅሽ ቺካጎ ቁጭ ብሎ ቢራ እየጠጣ ይሆናል፣ እኛን ለማዋረድ የተፈጠረ ድራማ ነው አላት። መኪናቸው ረግረጉ ውስጥ ተቃጥሎ ሲገኝ ግን አገር ምድሩ ተነቃነቀ። ክራባት ያሰሩ የፌዴራል መርማሪዎች መጡ። ጋዜጠኞች መጡ። ወታደሮች ረግረጉን በዘንግ ሲወጉ ዋሉ። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ልጆቹ ያወራል፤ ፒተር ሊንድኳስት የየት ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሆነ፣ አባቱ ምን እንደሚሠራ፣ የሚወደው ውሻ እንኳ ተነገረ። ቀጥሎ፣ «እና አብሮት የነበረ አንድ የአካባቢው ኔግሮ» ይላል።

ሉቨርታ ካውያውን ይዛ ሬዲዮው ፊት ቆማ፣ «ስም አለው» ትላለች። ዜናው በመጣ ቁጥር። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ የተሳሳተ ጎረቤት እንደምታርም ታርመዋለች። «ስም አለው።»

ሁለቱንም ያገኟቸው በነሐሴ ነው፤ ከተተወ የጥጥ መዳመጫ ጀርባ፣ ድፍን ጉድጓድ ውስጥ። ፒተርን ወላጆቹ በአውሮፕላን ወሰዱት። ኦርዜል እኛው ጋ ተቀበረ።

ናባው ላይ ስም የመጥራት ልማድ አለ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ፣ አፈር ሳይመለስ፣ ሟቹን የወለደ ወይም ያሳደገ ሰው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይቆምና ሙሉ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነም ይጠራል። ሕዝቡ በአንድ ቃል «አለ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው አፈር የሚመለሰው። በባርነት ዘመን ሰው ያለ ስም እንደ ከብት ይቀበር ስለነበር የመጣ ነው ይላሉ። ስሙ ሳይጠራ የተቀበረ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደቀረ እንግዳ ነው፣ ግቡ የሚለው የለም፣ ይሉ ነበር አሮጊቶቹ። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ደግሞ አይጠራም።

የኦርዜል ቀብር ቀን የሸሪፉ ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። ቶሎ ጨርሱ፣ ንግግር የሚባል ነገር እንዳንሰማ ብለዋል። ፓስተራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ፊታቸው ያለውን ያን ሁሉ ሴትና ሕፃን አዩ፣ አጥሩንም አዩ። «አሜን» እንዳሉ ለቆፋሪዎቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ማንም በሳቸው አይፈርድም። ሉቨርታ አፋፉ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ነበር። አፈሩ ቀደማት።

ከዚያ ወዲህ መዝሙር ማውጣት አልተወችም፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጎደለ፤ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ፍርድ ቀረቡ፤ ጥቂቶቹ ትንሽ ታስረው ወጡ፣ የቀሩት እራታቸውን ቤታቸው በሉ። አንደኛው የከብት መኖ ሱቅ ከፈተ። ሉቨርታ በዚያ ስታልፍ፣ ነጮቹ ጥቁር ሴትን በንቀት እንደሚጠሩት፣ «እንደምን አደርሽ፣ አክስት» ይላታል። «ደህና» ትላለች። በኋላ መንገድ ቀየረች። የምርጫ ካርድ አገኘች፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ኮፍያዋን አድርጋ ማልዳ ትሰለፋለች። የወንድሟ ልጅ ቬርኔል ነርስ ሆና ሆስፒታል ስለተቀጠረች አብራት መኖር ጀመረች። ካውያው ኤሌክትሪክ ሆነ። ፀጉሯ ነጣ።

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የፊልም ሰዎቹ መጡ። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች፣ መብራት፣ ገመድ፣ ምግብ የሚያቀርብ ድንኳን ሳይቀር። ዋናውን መንገድ የድሮ መልክ ቀቡት፤ ተነቅሎ የተጣለውን «ለነጮች ብቻ» የሚለውን ሰሌዳ ድጋሚ ሠርተው ሰቀሉት። አንዳንድ ሰው ሥራ መገኘቱ ደስ አለው። አንዳንዱ ሰሌዳውን ላለማየት በጓሮ መንገድ መዞር ጀመረ። የመኖ ሱቁ ሰውዬም ተቀጠረ ይባላል፤ የሚሠራው መንገደኛ ሆኖ ነው።

ሉቨርታ ቤት የመጣችው ጃኒን የምትባል ጥቁር ወጣት ሴት ነበረች፣ ከሎስ አንጀለስ። የምታወራው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ደግ ነበረች። ፊልሙ የሁለቱን ልጆች ግድያ የመረመሩ ሁለት የፌዴራል ሰዎችን ታሪክ ነው የሚያወራው፤ ለቀብሩ ትዕይንት የናባው ሕዝብ ያስፈልገናል፤ ሕዝቡ ደግሞ እርስዎ ከመጡ እንመጣለን ብሏል አለቻት።

ሉቨርታ ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳችላት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የኔ ልጅ ፊልሙ ውስጥ ማን ነው የሚባለው?»

ጃኒን ብርጭቆውን አዟዟረችው። «ለሕግ ጉዳይ ብለው ስም ሁሉ ቀይረዋል፣ እማማ።»

«እሺ። ማን አሉት?»

«ነጩ ልጅ... ስም አለው። የእርስዎ ልጅ ብዙ ስለማይናገር፣ ጽሑፉ ላይ 'ጥቁሩ ወጣት' ነው የሚለው።»

«እኛ ቤት ከሱ በላይ የሚናገር አልነበረም» አለች ሉቨርታ። ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና በሩን ከፈተችላት።

በነጋታው ዳይሬክተሩ ራሱ መጣ። ሚስተር ቫንስ ይሉታል፤ ፂም ያለው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አወራ፤ ይህ ፊልም በዓለም ሁሉ ይታያል፣ ወጣቱ ትውልድ ይማርበታል አለ። ሉቨርታ የሰማችው ግን ቀደም ሲል የተናገረውን አንድ ነገር ነው፦ ናባው መቃብር ዳር ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሣጥን ይወርዳል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል።

«ጉድጓዱ እውነተኛ ነው?» አለችው።

«እውነተኛ ነው።»

«አፈር ሳይመለስ አንድ ነገር እናገራለሁ። የልጄን ስም፣ የእናቱን ስም። ከፈቀዱልኝ ሕዝቡን ሁሉ አመጣልዎታለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ሚስተር ቫንስ አሰበ። ሕጉም ሌላውም ትዝ ያለው ይመስላል፤ ፊቷን ሲያይ ግን ለፊልሙ የሚበጅ ነገር አየበት። «ለምን አይሆንም?» አለ። እጁን ዘረጋላት። ሉቨርታ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብላ ያደገች ናት፤ እጁን ጨበጠች።

ያን ማታ ቬርኔል አኮረፈች። «አክስቴ፣ ፊልም'ኮ ነው። የውሸት ቀብር ላይ ልትጠሪው ነው?»

«ጉድጓዱ የውሸት አይደለም። ሕዝቡም የውሸት አይደለም። አጥሩ ላይ የሚቆሙት ብቻ ናቸው የውሸት። ከዚህ የተሻለ ከየት አመጣለሁ?»

ቬርኔል ተነስታ የአክስቷን ኮፍያ አወጣችላት፣ አቧራውን አራገፈችላት።

የቀረጻው ቀን ናባው ሞላ። የጥንት ልብስ አለበሱን፤ ግማሹ የራሱን የጥንት ልብስ ለብሶ መጥቶ ስለነበር መልሰው የነሱን አለበሱት። ሣጥኑን አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያልፉ ሉቨርታ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀች። አሸዋ አሏት።

«ቀንሱለት። ኦርዜል ከዚህ ይቀላል» አለች።

ሰባኪ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ከኒውዮርክ ነው የመጣው፤ መልከ መልካም፣ ድምፁ ነጎድጓድ። ችግሩ የመጣው በሱ ነው፣ ወይም በእኛ። ፊልሙ ላይ ሕዝቡ ዝም ብሎ እንዲያዝንና እንባውን እንዲያፈስ ብቻ ነው የተፈለገው። ተዋናዩ ግን የመጀመሪያውን ቃል እንዳወጣ፣ ከኋላ ዲያቆን ሂሊያርድ «ተናገር!» አሉ። ከሴቶቹ በኩል «እውነት ነው!» ተባለ። «አቁም!» አለ ሚስተር ቫንስ። እባካችሁ ዝም በሉ ተባልን። እሺ አልን፤ ከልባችን ነው እሺ ያልነው። ድጋሚ ጀመረ። «ጌታ ሆይ!» አለች አንዷ። ድጋሚ አቆሙ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም አፉን ገጥሞ ትንሽ ቆየ፤ ተዋናዩ ግን ግራ ገብቶት ቃሉ ጠፋበት። ይሄኔ ሂሊያርድ አዘኑለትና «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ» አሉት። ሁሉም ሳቀ።

ጃኒን ወደ ሽማግሌው መጣች። «አባባ፣ ለምን ዝም አይሉም?»

«የኔ ልጅ፣ ሰው ቆሞ እየሰበከ ዝም ካልነው፣ የገደልነው ይመስለዋል» አሏት።

ፀሐይ ከፍ እያለች ሄደች። ሰባኪው በሚቀጥለው ሙከራ ከሕዝቡ ጋር አብሮ ግሎ፣ የተጻፈለትን ትቶ ከራሱ መስበክ ጀመረ፤ ያማረ ስብከት ነበር፣ ፊልሙ ላይ ግን የለም። ሚስተር ቫንስ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ። ከባልደረቦቹ ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ተመልሶ መጣና ፊቱ በርቶ፣ በቃ፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ፣ መልሱ፣ አልቅሱ፣ ተናገሩ፣ ማንም አያስቆማችሁም አለን። እኛም ደስ አለን። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክሮፎን አስሮ ከራሳችን በላይ ይዞ ሲቆም የነበረው ሰውዬ፣ ዘንጉን ፒካን ዛፍ ላይ አስደግፎ ኮክ ሲበላ ሁላችንም አይተነዋል። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላሰበም። ሙቀቱ ስለጠናበት ያረፈ መሰለን። ድምፅ መቅዳት እንዳቆሙ፣ ሥዕሉን ብቻ እየወሰዱ በኋላ ሙዚቃ ሊያለብሱት እንደሆነ የነገረን የለም።

ሣጥኑ ወረደ። አጥሩ ላይ የሸሪፍ ልብስ የለበሱ ተዋንያን ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ሰባኪው «አሜን» አለ። ሉቨርታ ወደ አፋፉ ወጣች። መዝሙር እንደምታወጣው አድርጋ፣ በዚያ በጎደለው ሳይሆን በድሮው ድምፅዋ፦

«ኦርዜል ናትናኤል ቴት! ኢዱላ የወለደችው! ሉቨርታ ያሳደገችው!»

«አለ!» አልን። ከአጥሩ ላይ ጠመንጃ ከያዙት ተዋንያን አንዱ አብሮ «አለ!» አለ፣ ማንም ሳያዘው። ኒውዮርኬው ሰባኪ ፊቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፍኖ አለቀሰ። ሉቨርታ ጎንበስ ብላ አፈር ዘግና አሸዋ በሞላው ሣጥን ላይ በተነች። ሚስተር ቫንስ መጥቶ ሁለት እጇን ያዘ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አላት። አልዋሸም። አየሁ ነው ያላት እንጂ ሰማሁ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሉቨርታ ጥሩ ጊዜ ነበር። ካውያ ስትይዝ ታንጎራጉራለች። ሚኒሶታ ያሉት የፒተር እናት በየገናው ይደውሉላት ነበር፤ ለእሳቸውም ነገረቻቸው፤ አሁን ዓለም ሁሉ ሊሰማው ነው፣ ሲኒማ ሲመጣ ይሂዱና ይስሙ አለቻቸው። አሮጊቷም እሄዳለሁ አሉ።

ፊልሙ ሃሎካ ሲደርስ ከናባው ብዙ ሰው ወጣ። ድሮ ሲኒማ ቤቱ ታቹን ለነጮች ብቻ ስላደረገው፣ በጓሮ ደረጃ ወጥተን ፎቁ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አሁን ሁላችንም ታች ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን፤ ዲያቆን ሂሊያርድ ብቻ፣ የላይኛውን ወንበሬን ወገቤ ለምዶታል ብለው ወደ ላይ ወጡ። ሉቨርታ የቀብሩን ኮፍያ አድርጋ መሀል ተቀመጠች፤ ቬርኔል አጠገቧ።

ፊልሙ ጥሩ ተሠርቷል። ይህን መካድ አይቻልም። ሁለቱ የፌዴራል ሰዎች ደፋሮች ናቸው፤ በር ይሰብራሉ፣ ሸሪፉን በክርኑ ይዘው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፣ አንደኛው ስለ አገሩ እያሰበ ብቻውን ይጠጣል። እኛ ደግሞ እንሮጣለን። ቤታችን ይቃጠላል፣ እንሮጣለን፤ መሬት እናያለን፤ ሲጠይቁን ዝም እንላለን። ቤት እየደበቀ፣ ስንቅ እየቋጠረ፣ ሥራውን እያጣ ፍርድ ቤት የተሰለፈ ሰው ፊልሙ ላይ አልነበረም። ኦርዜልን የሚሠራው ልጅ መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። መንዳት ያለበት'ኮ እሱ ነው፤ መንገዱን ማን ያውቀዋል? ብላ ሉቨርታ በሹክሹክታ ጠየቀች። ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ አየን።

ከዚያ ቀብሩ መጣ። ቫዮሊን ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ የሚያሳዝን። ሣጥኑ ወረደ። ከቫዮሊኑ በላይ የመርማሪው ድምፅ መጣ፤ ስለ ጥላቻ የሆነ ነገር ይላል። ሉቨርታ ወደ አፋፉ ስትወጣ ታየች። ፊቷ ሸራውን ሞላው። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የእኛም አፍ እንዲሁ አንድ ጊዜ ተከፈተና ተዘጋ። መርማሪው ማውራቱን ቀጠለ። ቀጥሎ መኪና ታየ፣ መንገድ ታየ።

ሉቨርታ ወደ ቬርኔል ጠጋ አለች።

«ጆሮዬ ነው?»

«አይደለም፣ አክስቴ።»

«እናንተም አልሰማችሁም?»

«አልሰማንም።»

ራሷን ነቀነቀች። እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አየች፤ መብራት በርቶ ሰው ሁሉ እስኪወጣ፣ በሸራው ላይ የሚወርዱት ስሞች እስኪያልቁ። ቬርኔል ጽሑፉን እያነበበችላት ነበር። የመብራት ሠራተኛው ስም አለ፣ የሾፌሮቹ ስም አለ። እሷም አለች፦ «በመቃብሩ ላይ የምታለቅሰው ሴት» ይላል። አላለቀሰችም ነበር።

ውጭ አንዲት ነጭ ወይዘሮ ዓይኗ ቀልቶ ቆማ ጠበቀቻት። እጇን ያዘችና ፊትዎ ልቤን ሰበረው አለቻት።

«ስሙን ሰሙት?» አለች ሉቨርታ።

«የማንን ስም?»

«ይቅርታ፣ ምንም አይደል» አለችና ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች።

ጃኒን በስልክ አለቀሰች። ስለ ድምፁ ያኔ አላወቅኩም ነበር፣ ፊልሙ ሲቀናበር ነው የሰማሁት፣ ተከራክሬ አልሰሙኝም አለች። ሉቨርታ ልጅቷን ስታባብል ቆየች። ሚኒሶታ ያሉት አሮጊት ገና ሲደርስ ደውለው ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ስለ በረዶው ብቻ አወሩ። ሉቨርታም አልጠየቀቻቸውም።

ናባው ላይ ክርክር ተነሳ። ዲያቆን ሂሊያርድ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተነስተው፣ ጉድጓዱ ክፍት ነበር፣ ያሳደገችው ጠርታዋለች፣ እኛም መልሰናል፣ ስለዚህ ኦርዜል ተጠርቷል፣ ነገሩ አለቀ አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ በአሸዋ ላይ የተጠራ እንዴት ይቆጠራል አሉ። ሁሉም ወደ ሉቨርታ ዞረ።

«እናንተ ሰምታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቆየት ብላ፣ «እናንተማ ድሮም ታውቁት ነበር» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መንገደኞች መምጣት ጀመሩ፤ ፊልሙን ያዩ፣ ካሜራ የያዙ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ አብዛኞቹ። መርማሪዎቹ ያረፉበት ሆቴል የት ነው ይላሉ። አንዱ ወጣት በሯ ድረስ መጥቶ፣ ያ ሸሪፉን የደበደበው መርማሪ በእውነት እንዲያ ያለ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ክራባት ያሰረ ሰው ቤቴ መጥቶ ነበር፤ የልጄን ስም አሳስቶ ጻፈና ሄደ፣ ሌላ አላውቅም አለችው። ልጁ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ወዲህ በር አትከፍትም ነበር። እሑድ እሑድ ናባው ትመጣለች፤ መዝሙር አውጪልን ሲሏት ጉሮሮዬን አሞኛል ትላለች። አንድ ዓመት አመማት፣ ሁለት ዓመት አመማት። በኋላ ጠያቂ ጠፋ፤ ማውጣቱንም የሂሊያርድ ምራት ያዘችው፤ አትከፋም።

ቬርኔል ኢንዲያና ውስጥ ጌሪ በምትባል ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ሉቨርታም አብራ ሄደች። ቤቱ ተሸጠ፣ በረንዳው ፈረሰ። ለጥቂት ዓመት ስልክ ይደወል ነበር፤ ከዚያ ቬርኔል ራሷ ታመመች፣ ስልኩም ተቀየረ። ሂሊያርድ ከመሞታቸው በፊት የልጅ ልጃቸው ጌሪ ሄዶ ጠይቋት ነበር። እሱ እንደነገረን፣ ሉቨርታ ቴት በዚያ ከተማ አንድ የአረጋውያን ማቆያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የባቡር ሐዲዱን በሚያይ ክፍል ውስጥ ትኖራለች።